የሐምራዊው ውሃ ግማሽ

በሾላ ወንዝ ከተማ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቀው ስለ ውሃው ቀለም ነበር። «እንዴት አደርሽ? ቤተሰብ ደህና? ውሃውስ?» ይባባላሉ። «ሐምራዊ ነው፣ ተመስገን» ከተባለ ታንከሩ ሞልቷል፤ ማታ እህል ይፈጫል፣ ልብስ ይተኮሳል፣ ልጅ ያጠናል። «አረንጓዴ ገባን» ከተባለ ግን ሰዉ ሥራውን አጣድፎ በጊዜ ይተኛል።

ውሃ ይሉታል እንጂ አይጠጣም። ቫናዲየም የሚባለው ማዕድን የሟሟበት አሲድ ነው፤ የነካውን ጣት ያቃጥላል። በከተማው ጫፍ በቆሙት ሁለት ትልልቅ ታንከሮች ውስጥ ሆኖ ቀን ቀን የፀሐይን ኃይል ያጠራቅማል፣ ማታ ማታ ይመልሳል። ከታንከሮቹ በአንደኛው ሆድ ላይ መስኮት የሚያህል መስታወት ስላለ ወደ ገበያ የሚሄድ ሁሉ አንገቱን ዘወር አድርጎ ቀለሙን አይቶ ያልፋል።

ጊዜው ከሁለት ሺህ ሰባ በኋላ ነው። እነ ናታንና እነ ሶልያና አባባና እማማ የሚባሉበት፣ ወጣቶቹ ደግሞ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም መልሰው ያነሱበት ዘመን። ኤልዳናም ስልሳ ዓመት አልፏታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፈሩ ሰው እትዬ ኤልዳና ይላታል። ባሏ ሮቤራ ከወንዙ ማዶ ባለው የጥቁር ድንጋይ ማዕድን ማውጫ ዕድሜውን ሙሉ ቁፋሮ ላይ ሠርቷል። ጡረታ ሲወጣ ሳንባው እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኖ ነበር። አልጋው ግርጌ የተቀመጠው የትንፋሽ ማሽን ከአየሩ ላይ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫው ይልክለታል። ማሽኑ ቀንም ሌትም ያንጎራጉራል። ኤልዳና ድምፁን ከመልመዷ የተነሣ ትንሽ እንኳ ከተለወጠ ከእንቅልፏ ትባንናለች።

አንድ ቀን ጠዋት የከተማው ሰው ስልክ ሁሉ ባንድ ላይ ጮኸ። መልእክቱ በጣም ጨዋ ነበር። «ውድ የሾላ ወንዝ ነዋሪዎች፤ ውሃችንን ለብዙ ዓመታት በጥሩ ሁኔታ ስለያዛችሁልን ከልብ እናመሰግናለን። የገበያው ሁኔታ በመለወጡ ለባለቤቶቹ የምንመልሰው መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» ይላል።

ውሃው የኪራይ ነበር። ባለውሃዎቹ ሾላ ወንዝን በካርታ እንኳ የማያውቁ፣ በሩቅ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ይህ ውሃ አያረጅም፣ አይበላሽም፤ ሃያ ዓመት ሠርቶ ያው የመጀመሪያው ቀን ውሃ ነው። ስለዚህ ሰዎች ድሮ ወርቅ ገዝተው እንደሚያስቀምጡት ይህንን ገዝተው ያስቀምጣሉ፤ የትም ከተማ ታንከር ውስጥ ቢሆን የነሱ ነው። ዋጋው ሲሰቀል ደግሞ ይጠሩታል።

ቦቴዎቹ በሳምንቱ መጡ። ሠራተኞቹ ትሑታን ነበሩ፤ ጫማቸውን በፕላስቲክ ሸፍነው ገቡ፣ ቱቦ ቀጠሉ፣ ውሃውን ቀድተው ሲጨርሱ ታንከሮቹን አጥበው አደረቁ፣ ለዘበኛውም አዲስ ኮፍያ ሰጥተውት ሄዱ። ቀትር ላይ ከመስታወቱ ጀርባ የሚታየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሰዉ ግን ልማድ ሆኖበት ወደ ገበያ ሲሄድ አንገቱን ማዞሩን አልተወም።

ከዚያ ወዲያ ሾላ ወንዝ መብራት ያላት ፀሐይ እስካለች ድረስ ብቻ ሆነ። ለሮቤራ ሌሊቱን የሚያሻግር የኦክስጅን ሲሊንደር ከጤና ጣቢያው ይመጣል፤ ሆኖም ሲሊንደሩ ከሩቅ ነው የሚጫነው፣ ክረምቱም እየቀረበ ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ በጭቃ ይያዛል፣ ቀኑም እንደ ምሽት ይጨልማል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሮቤራ ዋና ከተማ ወዳለው የትንፋሽ ቤት እንዲሄድ መከረች። የትንፋሽ ቤት እንደሱ ያሉ ሕሙማን በረድፍ ተኝተው ከግድግዳ በተዘረጋ ቱቦ የሚተነፍሱበት ትልቅ አዳራሽ ነው።

«አንቺም ትመጫለሽ?» አላት ሮቤራ ነርሷ ከወጣች በኋላ።

«አስታማሚ አይገባም አሉ። በመስታወት አይቼህ እመለሳለሁ።»

ሮቤራ ሲናገር በመሃል ቆም እያለ ነው። «እዚያ ከሄዱት... የተመለሰ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። እንዳልሰማች ሆና የአልጋ ልብሱን ማስተካከል ጀመረች።

በነጋታው ወደ ታንከሮቹ ሄደች። የምትቆጣጠራቸው ጥሩወርቅ የምትባል ወጣት ቴክኒሻን ናት፤ ባዶ ታንከር መጠበቅ አሳፍሯት የግቢውን ሣር እያጨደች አገኘቻት።

«ጥሩዬ፣ ምኑ ነው የጎደለን? መኪናው ነው? ሽቦው ነው?»

«ምንም አልጎደለም እትዬ ኤልዳና። ሁሉም ደህና ነው። ውሃው ብቻ ነው የሌለው።»

«ከሌላ ከተማ ቢቀዳልንስ? ከማዶዋ ከጥቁር ድንጋይ?»

ጥሩወርቅ ማጭዷን አስቀመጠች። «ይቻላል። ውሃ አይደል፣ ይቀዳል። የነሱን እኩል ብንካፈል እነሱም ግማሽ ሌሊት ይኖራቸዋል፣ እኛም ግማሽ ሌሊት። ግን ማን ይጠይቃቸዋል?»

ቀበሌው እንደማይጠይቅ ኤልዳናም ታውቃለች። የማዕድን ማውጫው ሲከፈት የጥቁር ድንጋይ ሰዎች ማሳቸው ተወስዶባቸው ከወንዙ በዚህ በኩል ባለው ግጦሽ ላይ መንደር እንመሥርት ብለው ነበር። ሾላ ወንዝ ስብሰባ ጠርታ እምቢ አለች። ሰዎቹ ማዶ ባለው ድንጋያማ ዳገት ላይ ሰፈሩ። ለመሬታቸው ካሣ ገንዘብ ሲቀርብላቸው፣ ገንዘቡን ትተው ከሚወጣው ማዕድን የሚሠራው ውሃ ይሰጠን አሉ። ያኔ ብዙ ሰው ሳቀባቸው። ዛሬ ግን በአካባቢው ማንም ሊጠራው የማይችል የራሱ ውሃ ያለው ከተማ የነሱ ብቻ ነው።

ኤልዳና ሮቤራን ለጥሩወርቅ አደራ ሰጥታ በጠዋቱ ሚኒባስ ወንዙን ተሻገረች።

የጥቁር ድንጋይ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ኢምራን የሚባሉ ረጅም ሰው ናቸው። ከታንከሩ ጥላ ሥር ከጓደኛቸው ጋር ዳማ ሲጫወቱ ደረሰች። ሰላምታ ሰጠችና የመጣችበትን ቆማ ነገረቻቸው። እሳቸው ጠጠሩን በጣታቸው ይዘው ሰሟት።

«ከሾላ ወንዝ ነው የመጡት?» አሉ።

«አዎ።»

«እናንተ ጋ ያኔ ስብሰባው ሲደረግ አባቴ ነበሩ የተላኩት። ‹አቧራችሁን ይዛችሁ አትምጡብን› ነው የተባሉት። እስኪሞቱ ድረስ ያነሱት ነበር።»

«እውነት ነው፣ ተብሏል» አለች ኤልዳና። «አሁን እኔ የመጣሁት ይቅር በሉን ለማለትም አይደለም፤ እሱን የሚለው ከተማው ነው። እኔ የመጣሁት ባለቤቴ ክረምቱን እንዲወጣ ነው።»

ኢምራን ጠጠሩን ሰሌዳው ላይ አስቀመጡ። «ቢጠማሽ የራሴን ውሃ እሰጥሽ ነበር፣ እህቴ። ይሄ ግን የሁላችን ነው። ሰኞ ከሰዓት ስብሰባ አለን። ነይና ራስሽ ተናገሪ።»

ሰኞ ሄደች። ስብሰባው እዚያው ታንከሩ ሥር ነው፤ ሰዉ ድንጋይ ላይ፣ ገሚሱም ይዞት በመጣው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። መንገድ ላይ ስታጠና የመጣችው ንግግር ስትነሣ ጠፋባት። ሮቤራ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሠራ፣ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ፣ የትንፋሽ ቤትም ምን እንደሆነ ብቻ ተናግራ ተቀመጠች።

ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ሰው ተነሥቶ «የኛ ልጆችስ ማታ አያጠኑም? ለአንድ ሰው ብለን ሁላችን እንጨልም?» አለ። ሌላው «ነገ ደግሞ ሌላ ከተማ ይመጣል» ብሎ አከለበት። የሚያጨበጭብም ነበር። ኤልዳና ነጠላዋን ሰብስባ ለመውጣት ስታመነታ አንዲት ወፈር ያለች ሴት ከኋላ እጇን አነሣች።

«እትዬ ሲፈን፣ ይቀጥሉ» አሉ ኢምራን።

ሲፈን የጫጩት መፈልፈያ አላት። የአካባቢው ዶሮ ሁሉ የሚወጣው ከእሷ ቤት ነው።

«እኔ» አለች ሲፈን፣ «ሥራዬን ታውቃላችሁ። እንቁላል ሌሊት ከበረደው አለቀ። ስለዚህ እዚህ ካለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ እምቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። እምቢ ልል ነበር የመጣሁትም።» ወደ ኤልዳና አየች። «ግን ድንጋዩ የወጣው ከአባቴ ማሳ ሥር ነው። ቆፍሮ ያወጣው የዚች ሴትዮ ባል ነው። እኔ በውሃው ጫጩት አስፈለፈልኩበት፣ ቤት ሠራሁበት፤ እሱ በአቧራው ሳንባውን አጣ። አሁን ትንፋሽ አጠረኝ ሲል፣ እኔ እንቁላል አለኝ ልበለው? አፌ አልታዘዝ አለኝ።» ይህን ብላ ተቀመጠች።

እጅ ይነሣ ተባለ። ሁሉም አላነሣም፤ ተነሥተው የሄዱም ነበሩ። የተነሣው እጅ ግን በዛ። ለሁለት ክረምት፣ ሾላ ወንዝ የራሷን ውሃ እስክታገኝ፣ እኩል ይካፈሉ ተባለ። በሁለቱም ከተሞች ከራት በኋላ መብራት አብሮ ይጠፋል፤ የጤና ጣቢያና የሕሙማን መስመር ብቻ አይነካም።

ኤልዳና የኢምራንን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል በክንዷ ያዟት። «ተይ፣ ተይ! ይልቅ ሄደሽ ቱቦ አዘጋጁ በያቸው።»

ቦቴው ወንዙን የተሻገረ ቀን የሾላ ወንዝ ሰው ሥራ ፈትቶ ወጣ። ሮቤራም አልቀርም አለ። ኤልዳና ትንሿን ሲሊንደር ጭኑ ላይ አስቀምጣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወሰደችው። ጥሩወርቅ ቱቦውን ስትከፍት ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ከመስታወቱ ሥር ብቅ አለ፤ እስከ ወገቡ ደርሶም ቆመ። ፀሐይዋ ጠንካራ ነበረች። ሰዉ እየተበተነ ሲሄድ ሮቤራ አልነቃነቅም ብሎ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ አረንጓዴው እየደፈረሰ ሄዶ ዳር ዳሩን ወደ ሐምራዊ መዞር ጀመረ።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለ ሮቤራ።

«ምኑ?»

«እኛ የምናወጣው ጥቁር ነው... እጅ የሚያቆሽሽ። በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። ምን እንደሚሆን አላየሁትም። ሲመሽ ከሥራ ስመለስ በዚህ በኩል አልፌም አላውቅ።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አጠለቀው። «ቆንጆ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ምሽት ላይ ኤልዳና በሩ ላይ መቆም ልማድ አደረገች። ማዶ ዳገቱ ላይ ያሉት መብራቶች አንዴ ብልጭ ብለው ሁሉም ባንድ ላይ ይጠፋሉ፤ በዚህም በኩል እንዲሁ። ከኋላዋ የሚሰማው የማሽኑ ማንጎራጎር ብቻ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች ወደ ጨለማው። ማዶ የተቀመጠው ሰው ስሟን እንኳ የማያውቅ ነው፤ ልጁን በጊዜ አስተኝቶ፣ ሥራውን ለነገ አሳድሮ፣ የሷ ባል ይተንፍስ ብሎ በጨለማ የተቀመጠ ሰው። ምስጋናዋን የምታደርስበት ቦታ ጠፍቷታል።

ክረምቱ አጋማሽ ላይ ለሲፈን የሰፋችላትን ሽርጥ ይዛ ማዶ ተሻገረች። የመፈልፈያው በር ላይ ገና ሳትደርስ ሽታው ተቀበላት። ሲፈን የተበላሸ እንቁላል በባልዲ እያወጣች ጉድጓድ ውስጥ ስትጥል ነበር። ኤልዳናን ስታይ ባልዲውን ከኋላዋ ልትደብቅ ሞከረች።

«ይሄ ሁሉ?» አለች ኤልዳና።

«ደመናው በዛና ሌሊት በረዳቸው። ይሆናል፣ ምን ይደረጋል። ነይ ግቢ።»

«በኛ ምክንያት ነው።»

«እጄን ያነሣሁት ራሴ ነኝ፣ እህቴ። ደግሞ ለባልሽ እንዳትነግሪው።»

ኤልዳና ግን ለሮቤራ ያልነገረችው ነገር ኖሮ አያውቅም። ያን ቀን ከሰዓት ነገረችው። ሮቤራ እግሮቹን እንደ ልማዱ ወደ ማሽኑ ዘርግቶ ነበር፤ ማሽኑ በጀርባው በኩል ሞቅ ያለ ነፋስ ስለሚተፋ ክረምቱን በሙሉ እግሩን የሚያሞቀው በዚያ ነው። ይህን ሲሰማ እግሩን ሰብስቦ ወደ ማሽኑ ጀርባ አየ።

«ኤልዱ፣ ይሄ ሙቀት ሌሊትም አይቋረጥም አይደል?»

«አይቋረጥም።»

«እና ለምን እግሬ ላይ ይባክናል?»

ሲፈን ነገሩን ስትሰማ በመጀመሪያ ሳቀች። በኋላ ግን ሙቀት መለኪያዋን ይዛ መጣች፤ ከማሽኑ ጀርባ ትንሽ ራቅ አድርጋ ለካች፣ አየሩ እንዳይታፈን በሽቦ የተሠራ ሣጥን አመጣች፣ እያስጠጋችና እያራቀች ብዙ ቆየች። ጥሩወርቅም ተጠርታ የሕሙማን መስመር ላይ የተጨመረ ነገር እንደሌለ አየች፤ ማሽኑ የሚበላው ያው የድሮውን ነው። ነርሷ ብቻ ነበረች ጣቷን የቀሰረችው፤ «ጫጩት እዚህ አይፈለፈልም፣ ላባው ለሳንባው መርዝ ነው» አለች።

«ሳይፈለፈሉ እወስዳቸዋለሁ» አለች ሲፈን። «አራስ ቤት የሚገቡት እኔ ዘንድ ነው።»

ሣጥኑ ውስጥ የገባው አንድ ትሪ እንቁላል ነው። ለሲፈን ሥራ ከምንም አይቆጠርም፤ መፈልፈያዋ ባንድ ጊዜ የሚይዘው የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። ግን ዘሩ እንዳይጠፋ የምትሳሳላቸው የጥሩ ዶሮዎቿ እንቁላሎች ነበሩ፤ ለቀጣዩ ዓመት መነሻ የሚሆኗት።

እንቁላል በየሰዓቱ መገልበጥ ይፈልጋል። ያ ሥራ የሮቤራ ሆነ። ከጡረታው ጀምሮ እጁ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዷን በሁለት ጣቱ ያዞራታል፤ ሣጥኑ እርጥበት እንዲኖረው ውሃ የያዘውን ሳህን ይፈትሻል፤ ሙቀት መለኪያውን አይቶ ሣጥኑን በጣት ያህል ይገፋል። ኤልዳና ልብስ እየሰፋች ከወዲያ ስታየው፣ በአፉ የሆነ ነገር ሲያንሾካሹክ ትሰማለች።

«ምን እያልካቸው ነው?»

«የቁፋሮ ወሬ ነው። አንቺ ሰልችተሽዋል።»

ሲፈን የምትወስድበት ቀን ሲደርስ ዝናቡ ድልድዩ አፍ ላይ ያለውን መንገድ በጭቃ ሞላው፤ ሚኒባሱ ቆመ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላም ቀን። ነርሷ ደውላ ተቆጣች። ኤልዳና በጭንቀት መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሲፈን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ በጥጥ የተደለደለ ቅርጫት አንግታ በእግሯ መጣች።

«አልተፈለፈሉም?» አለች ገና ከበሩ።

«አልተፈለፈሉም» አለ ሮቤራ፣ እንደ ዘበኛ ተቀምጦ።

ሲፈን እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ አንዷን እንቁላል አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ፊቷ በራ። እንቁላሏን ለሮቤራ አቀበለችው። እሱም ጆሮው ላይ አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አይሰማኝም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ማሽኑ እግሩ ሥር ያንጎራጉራል፣ ሌላ ድምፅ አያሰማም።

በነጻ እጁ ወደ ማሽኑ ጠቆመ።

«አብደሃል?» አለች ኤልዳና።

«ትንሽ ብቻ» አለ። «ትንሽ፣ ኤልዱ።»

ኤልዳና ሲፈንን አየቻት። ሲፈን መሬት መሬቱን አየች። ኤልዳና ጎንበስ ብላ ጣቷን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አድርጋ ባሏን ተመለከተች፤ ሮቤራ የቻለውን ያህል አየር ስቦ ያዘ። አጠፋችው።

ክፍሉ ጭር አለ። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት የሚያንጎራጉር ነገር አልነበረም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከሮቤራ መዳፍ፣ ከቅርፊቱ ውስጥ፣ በጣም ቀጭን ድምፅ መጣ። ጪው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፤ ጪው፣ ጪው። ከሣጥኑም ሌላ መለሰ። ሮቤራ ትንፋሹን እንደያዘ፣ ዓይኑ እንባ እየሞላ፣ ሦስቱም አንገታቸውን ወደ አንድ እንቁላል አዘንብለው አዳመጡ።

ኤልዳና ማሽኑን መልሳ አበራችው።